በቃሌ የማውቀውን ቴአትር በማላውቀው ቋንቋ አየሁት

የመክፈቻው ጽሑፍ

ሰላም ለዚህ ቤት። የምኖረው ጅማ ነው፤ ፈረንጅ አራዳ አካባቢ። ጥያቄዬ አጭር ነው። ከጀርባው ያለው ታሪክ ግን ትንሽ ስለሚረዝም ታገሡኝ።

ከዳር እስከ ዳር በቃላችሁ የምታውቁትን ሙዚቃዊ ቴአትር በማትሰሙት ቋንቋ አይታችሁ ታውቃላችሁ? ምን ቀረባችሁ? ምንስ አገኛችሁ?

የኔ ነገር እንዲህ ነው። የ9ኛ ክፍል ተማሪ ሳለሁ የአክስቴ ልጅ ከውጭ ስትመጣ አንድ ሲዲ ይዛልኝ መጣች። የ«ላየን ኪንግ»፣ የአንበሳው ንጉሥ የሙፋሳና የልጁ የሲምባ ታሪክ፣ የመድረክ ዘፈኖች ነበሩ። ፊልሙንማ ሁላችንም ቪዲዮ ቤት ተጋፍተን አይተነዋል። ይሄኛው ሌላ ነው። ፊልሙ የወጣው በ1994 ነው፤ የመድረኩ ሥራ ደግሞ በ1997 ኒውዮርክ፣ ብሮድዌይ ላይ ተከፈተ (ዓመቶቹን በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፈው)። ፊልሙ ላይ የሌሉ ብዙ ዘፈኖች ተጨምረውበታል።

ጊዜው ክረምት ነበር። የጅማን ክረምት የሚያውቅ ያውቀዋል። ጠዋት የጀመረ ዝናብ ማታም አይለቅም። መብራት ካለ ሲዲውን እሰማለሁ፤ ከሌለ የሰማሁትን አንጎራጉራለሁ። እንግሊዝኛዬ ገና ስለነበር ዘፈኖቹን በአማርኛ ፊደል ደብተር ላይ እገለብጥ ነበር። ደብተሩ ዛሬም አለ። ሽፋኑ ላይ የሻይ ብርጭቆ ክብ ታትሞበታል። ውስጡ ስርዝ ድልዝ ነው፤ አንዷን ቃል አራት ጊዜ ሰርዤ አምስተኛ የጻፍኩበት ቦታ አለ። ክረምቱ ሲያልቅ ሁሉንም በቃሌ ይዤው ነበር።

መድረኩን ግን በዓይኔ ያየሁት ባለፈው ዓመት ነው። ለሦስት ወር ስልጠና ጀርመን አገር ተላክሁ። ቴአትሩ ሃምቡርግ ከተማ ውስጥ ከ2001 ጀምሮ ይታያል፤ በጀርመንኛ። የኔ ጀርመንኛ ከሰላምታና ከምስጋና አያልፍም። አብረውኝ የነበሩት ልጆች ብርህን አታቃጥል አሉኝ። ሄድኩ።

አዳራሹ ከኤልበ ወንዝ ማዶ ነው። ከወደቡ በጀልባ ያሻግሯችኋል። ነፋሱ ጆሮ ይቆርጣል። 2,000 ያህል ሰው በሚይዝ አዳራሽ ውስጥ፣ መተላለፊያው ጠርዝ ላይ ተቀመጥኩ። መብራቱ ጠፋ። አዋቂዋ ዝንጀሮ ራፊኪ ብቻዋን ወጣች፤ በመድረኩ ሥራ ራፊኪ ሴት ናት። ያቺን የመጀመሪያ ጥሪ በስዋሂሊ ለቀቀችው። ሌሎች ድምፆች መለሱላት። እንስሳቱ በመተላለፊያው፣ በመሃላችን መምጣት ጀመሩ። ዝሆኑ በአጠገቤ ሲያልፍ እጄን ብዘረጋ እነካው ነበር። በአራቱ እግሮቹ ውስጥ አራት ሰዎች ይራመዳሉ። የአንደኛው ትንፋሽ ይሰማኝ ነበር። እንባዬ መጣ።

ከዚያ ዘፈኑ ወደ ጀርመንኛ ገባ። ልቤ ውርድ አለ። ዜማው የኔ፣ ቃሉ የሰው። ለግማሽ ሰዓት ያህል እንግሊዝኛውን በልቤ ከሥር ከሥር እያስገባሁ ስከተል ደከመኝ። መቼ እንደተውኩት አላውቅም። አባትየው ሙፋሳ ከሞተ በኋላ ግን ቃል ፍለጋውን ረስቼዋለሁ። ሴቶቹ አንበሶች ከዓይናቸው ረጅም ጨርቅ እየመዘዙ አለቀሱ። ድርቅ ሲመጣ ደግሞ መሬት ላይ የተዘረጋው ሰማያዊ ሐር መሃሉ ላይ ባለች ቀዳዳ እየተሳበ ጠፋ። ኩሬው ደረቀ ማለት ነው። ሲዲው ላይ ይህ የለም። ስንት ዓመት የሰማሁት ሥራ ውስጥ ኩሬ እንዳለ አላውቅም ነበር።

ከሁሉ የነካኝ «ሻዶውላንድ» የሚባለው ዘፈን ነው። የሲምባ የልጅነት ጓደኛ ናላ ድርቅ የመታውን አገሯን ትታ እርዳታ ፍለጋ ስትወጣ የምትዘፍነው። ከልጅነቴ ጀምሮ ስዘፍነው የስንብት ኀዘን ብቻ ይመስለኝ ነበር። እዚያ ግን ሴቶቹ አብረዋት ቆሙ፤ ራፊኪ መረቀቻት። ልክ መንገድ የሚወጣ ልጅ እንደሚመረቀው። ጅማ መናኸሪያ፣ አውቶቡሱ ሞተሩን አስነስቶ፣ እናቴ ጭንቅላቴን በሁለት እጇ ይዛ የመረቀችኝ ጠዋት ፊቴ ላይ ድቅን አለ። ዘፈኑ ምርቃት ነው ለካ። ቃሉ አፌን ሞልቶት ስለነበር እስከዚያ ቀን ድረስ አልታየኝም።

ስለዚህ የምለው ይሄ ነው፤ የምትወዱትን ሥራ አንድ ጊዜ በባዕድ ቋንቋ እዩት። እናንተስ ምን ትላላችሁ?

መልሶቹ

ጽሑፉን የለጠፍኩት ቅዳሜ ማታ ነው። ማክሰኞ ላይ መልሶቹ 24 ደርሰው ነበር። አንዳንዱ ረጅም ነው፣ አንዳንዱ ተሰርዟል፤ ዘግይቶ ለሚመጣ አንባቢ እንዲመች በየቁጥራቸው እየጠራሁ እተርካቸዋለሁ።

1። አዲስ አበባ የሚኖር ወንድም ነው። እንኳን ለዚህ አበቃህ ብሎ ጀመረ። ትርጉም በስክሪን ይወጣ እንደሆነ ጠየቀ። እኔ ባየሁበት ቀን እንዳልነበረ፣ የጀልባው ነገር ግን ከትኬቱ ጋር የሚታሰብ እንደሆነ ነገርኩት።

2። ጅማ መርካቶ ያደጉ፣ አሁን ጡረታ የወጡ አባት ናቸው። ነገሩ ለእኛ አገር ሰው አዲስ እንዳልሆነ አስታወሱን። በእሳቸው ወጣትነት የህንድ ፊልም ሲመጣ አዳራሹ ጢም ይላል። ህንድኛ የሚሰማ አንድ ሰው የለም። ግን የጠፋው ልጅ እናቱን ሲያገኛት ማን ያላለቀሰ አለ? ዘፈኖቹን ሁሉ በቃላቸው ይዘው በየሰፈሩ ያንጎራጉሩ ነበር። አንዱን ዘፈን በጓደኛቸው ሠርግ ላይ ሙሉውን ዘፍነውታል፤ እስከ ዛሬ ምን እንደሚል አያውቁትም። ዘፈኑ ስለ ሞት ይሁን ስለ ፍቅር ሳያውቁ ሙሽሮቹን አስጨፍረውበታል። ብዙ ሰው ልብ ሰጣቸው። እኔም።

3። ቋንቋ የምታጠና እህት አረመችኝ። የመክፈቻው ጥሪ ስዋሂሊ አይደለም፤ ዙሉ ነው። ኢንጎኛማ በዙሉ አንበሳ ማለት ነው፤ ጥሪው አንበሳው መምጣቱን የሚያበስር ነው። ያሳሳተኝ ምን እንደሆነም ገባት፤ ሲምባ (አንበሳ)፣ ራፊኪ (ወዳጅ)፣ ሃኩና ማታታ የሚባሉት ስዋሂሊ ናቸው። ሥራው ውስጥ ስድስት የአፍሪካ ቋንቋዎች እንደሚሰሙ፣ ከእነሱም ኮሳ፣ ሶቶና ትስዋና እንዳሉበት ጨመረች። «ሻዶውላንድ» ውስጥ ኮረሱ የሚመላለስባት ሐረግ ትስዋና ናት፤ የአባቶቻችን ምድር ቅዱስ ናት እንደማለት። እነዚህ ክፍሎች ቶኪዮም ይታይ ፓሪስ አይተረጎሙም። እንግዲህ ሃምቡርግ ላይ መጀመሪያ ያስለቀሰኝ፣ ጀርመኖቹም እኔም እኩል ያልሰማነው ቋንቋ ነበር ማለት ነው። አመስግኜ ከላይ ያለውን ስህተት እንዳለ ተውኩት፤ እርማቷ ትርጉም እንዳያጣ ብዬ።

4። ስሙን ያልገለጸ ሰው ነው፤ አልተስማማም። አጻጻፉ ቆፍጠን ያለ ነው፤ ስድብ ግን የለበትም። ነጥቡ ይሄ ነው፤ እኔ ቴአትሩን በማላውቀው ቋንቋ አላየሁትም። ታሪኩንም ቃሉንም በልቤ ይዤ ነው የገባሁት። ጀርመንኛው ለኔ ልብስ ብቻ ነበር፤ ሥጋው ከኔ ጋር ነበር። ታሪኩን ፈጽሞ የማያውቅ ሰው እዚያ አስቀምጥና ከሴቶቹ ምርቃት ምን እንደሚገባው ጠይቀው ይለኛል። ያለ ቃል የሚቀረው የልብስና የመብራት ትርኢት ነው፣ ቃል ግማሽ ሳይሆን መሠረት ነው ባይ ነው። ይህ መልስ ሌሊቱን ሲከነክነኝ አደረ። መልስ አልሰጠሁትም፤ አልነበረኝም።

5። ሃምቡርግ የምትኖር የጅማ ልጅ መጣች። ቴአትሩን ሁለት ጊዜ አይታዋለች፤ አንዴ እንደደረሰች፣ አንዴ ቋንቋውን ከለመደች በኋላ። የመጀመሪያው ቀን እንደኔ አለቀሰች። ሁለተኛው ቀን ሳቀች፤ ቀልዶቹ ገቧታ። የቱ እንደሚበልጥባት ግን መምረጥ አልቻለችም። ከዘፋኞቹ ብዙዎቹ ከደቡብ አፍሪካ የመጡ እንደሆኑም ነገረችን። ዙሉውን ሲዘፍኑ ቤታቸው ናቸው፤ ጀርመንኛውን ሲዘፍኑ እንደኛው እንግዳ ናቸው። እሷ ታክሲ ውስጥ ትክክለኛውን ቃል ስትፈልግ አፏ የሚሰማትን ነገር አንዷ ዘፋኝ ፊት ላይ ያየችው መሰላት። ይህን አንብቤ ስልኬን አስቀምጬ ትንሽ ዝም አልኩ።

6። አጎቷ እስራኤል የሚኖሩ እህት ናት። ልትጠይቃቸው ሄዳ «ፊድለር ኦን ዘ ሩፍ» የሚባለውን ሙዚቃዊ ቴአትር በዕብራይስጥ አየች። ዕብራይስጥ አትሰማም፤ ፊልሙን ግን ከልጅነቷ ታውቀዋለች። አባት ልጁን ባቡር ጣቢያ የሚሸኝበት ቦታ ላይ አጎቷ እጇን ጥብቅ አድርገው ያዟት። እሳቸው ራሳቸው ከወላጆቻቸው የተለዩት መንገድ ላይ ነው። ከዚያ በላይ አልጻፈችም።

7። ታሪክ አዋቂ የሆነ ሰው ከ6 ተነስቶ ቀጠለ። ያ ቴአትር ኒውዮርክ የተከፈተው በ1964 ሲሆን በ1967 ቶኪዮ ላይ በጃፓንኛ ቀረበ። ደራሲው ጆሴፍ ስታይን እዚያ ሲደርሱ የጃፓኑ አዘጋጅ አሜሪካኖች ይህን ሥራ ይረዱታል ወይ ብሎ ጠየቃቸው፤ በጣም ጃፓናዊ ነውና። ስለ ምሥራቅ አውሮፓ አይሁዶች የተጻፈውን ማለቱ ነው። አባት ልጁን ለማን ይድር የሚለው ጭንቀት ጅማም ቢመጣ የኛ ይባል ነበር ሲል ደመደመ። ልክ ነው፤ እኔም እንደዚያ አምናለሁ።

8። እዚህ ላይ ሙቀቱ ጨመረ። አንድ ሰው ትርጉም ሁሉ የተበረዘ ነው፣ ሰው ዋናውን ማየት ካልቻለ ይቅርበት አለ። ምሳሌ ያደረገው «ሌ ሚዜራብል»ን ነው። እንግሊዝኛውን ሰምቶ ሌላ ቋንቋ መስማት ጆሮን መበደል ነው ብሎ ጻፈ።

9። በደቂቃዎች ውስጥ መልስ መጣለት፣ ከረር ያለ። ሥራው የተወለደው በፈረንሳይኛ ነው። ክሎድ ሚሼል ሾንበርግና አላን ቡብሊል የሠሩት በ1980 ፓሪስ ላይ ታየ። የእንግሊዝኛው የለንደን መድረክ በ1985 ነው የተከፈተው። ኸርበርት ክሬትዝመር ቃላቱን ሲጽፍ ብዙውን እንደ አዲስ ነው የሠራው። ስለዚህ 8 ዋናው ብሎ የሚምልበት ራሱ ትርጉም ነው። መልሱ እዚህ ቢቆም ጥሩ ነበር። ግን 8ን ሳታውቅ ከመናገር አንብብ አለው፤ ይህ አላስፈላጊ ነበር። መጨረሻ ላይ ሥራው የተመሠረተበትን የቪክቶር ሁጎን ልብ ወለድ ስንቶቻችን በአማርኛ «መከረኞቹ» ተብሎ እንዳነበብነው አነሳ። እኔ ራሴ ዣን ቫልዣን የሚባለውን ሰው የማውቀው በአማርኛ ነው። ዳቦ የሰረቀው በአማርኛ ነው፣ የታሰረው በአማርኛ ነው። ሌላ ቋንቋ ሲናገር ስሰማው የሚደንቀኝ ለዚህ ይሆናል።

10። 8 ተቆጥቶ ተመለሰ። 11 ከ9 ጎን ቆመ። የሁለቱም መልስ ግማሹ በአስተዳዳሪው ተሰርዟል፤ የቀረው ለትረካ አይበቃም።

12። ክሩን (ውይይቱን ማለቴ ነው) ያዳነችው ይህች ናት። መዝሙር ተርጉማ ለመዘምራን የምታስጠና እህት ናት፤ ከዚህ በታች ያለው ሁሉ የእሷ ትምህርት ነው። የመጽሐፍ ትርጉምና የዘፈን ትርጉም አንድ አይደሉም። ጸጋዬ ገብረ መድኅን «ኦቴሎ»ንና «ሐምሌት»ን ወደ አማርኛ ሲመልስ ስንኙን እንደልቡ የማስረዘምና የማሳጠር ነፃነት ነበረው። የዘፈን ተርጓሚ ኖታው አስቀድሞ ተቆጥሮ ይሰጠዋል። በእንግሊዝኛ በሦስት ድምፅ የሚያልቀው የፍቅር ቃል እኛ ጋ እወድሃለሁ ነው፤ ስድስት ፊደል። ትርፉን የት ታደርገዋለህ?

ሁለተኛ፣ ከፍ ብሎ የሚያዝ ኖታ ላይ ራብዕ ይመቻል። አፍ ይከፈታል፣ ድምፅ ይወጣል። ሳድስ ከመጣ ድምፁ ጉሮሮ ላይ ይታነቃል። ስለዚህ ተርጓሚው ትርጉም ብቻ ሳይሆን ፊደል ይመርጣል። ሦስተኛ፣ የኛ ግስ መጨረሻ ነው የሚመጣው። የፈረንጁ ዜማ የሚያርፍበት ቃል እኛ ጋ መሃል ላይ ተውጦ ይቀራል። አራተኛው የባሰ ነው፤ መጥበቅና መላላት። ይበላል ሲላላ በዪውን ነው፣ ሲጠብቅ ተበዪውን። ኖታው ያለ ቦታው ካጠበቀው፣ ያውም ስለ አንበሳ በሚያወራ ሥራ ውስጥ፣ አዳኙና ታዳኙ ቦታ ይለዋወጣሉ።

አፋን ኦሮሞም የራሱ ጣጣ እንዳለው አከለች። ለፈ መሬት ነው፤ አናባቢው ሲሳብ ላፋ፣ ለስላሳ ይሆናል። ዜማ አናባቢን እንዳሻው ስለሚስብ ተርጓሚው እያንዳንዷን መጠበቅ አለበት። በ2022 «ሃሚልተን» የሚባለው የራፕ ቴአትር ሃምቡርግ ላይ በጀርመንኛ ሲቀርብ ያንን ሁሉ ራፕ ቤት እየመቱ መመለስ ምን ያህል እንደሚያደክም የሚገባት ለዚህ ነው። እኔ ይህን መልስ ሦስቴ አነበብኩት። ደብተሬን አውጥቼ የመጀመሪያውን ዘፈን ሁለት ስንኝ ልሞክር አልኩ። ከአንድ ሰዓት በኋላ አንድ ስንኝ አልሞላም።

13። ሽማግሌ ናቸው፤ ሰላምታቸው ራሱ አንድ አንቀጽ ነው። በልጅነታቸው ቅዳሴ ሲያስቀድሱ ግዕዝ እንደማይሰሙ፣ ዜማው ግን ሆዳቸውን ያባባው እንደነበር ጻፉ። ጎረቤታቸው የነበሩ ሼህም መንዙማ ሲያዜሙ አረብኛው ሲቀላቀልበት የሚያዳምጠው ሁሉ ቃሉን ይሰማ እንዳልነበር፣ ግን ሁሉም እንደሚወዛወዝ። ጅማ ላይ ሰው በማይሰማው ቋንቋ ሲያለቅስ የኖረ ነው አሉ።

14። አንዱ ጸሎትንና ቴአትርን ማወዳደር ነውር ነው ብሎ ቆጣ አለ። በ13 ላይ ግን ቃል አልወረወረም፤ ዕድሜያቸውን አክብሮ፣ አባቴ ብሎ ነው የጀመረው። እሳቸውም ከታች ገብተው ማወዳደራቸው ጆሮን እንጂ እምነትን እንዳልሆነ አስረዱ። በሰላም ተለያዩ።

15። አሁን ወደ ከባዱ መልስ ደረስን። የጻፈችው የሄርማታ ልጅ ናት፤ ጎረቤቴ ማለት ይቻላል። ባዕድ ቋንቋ ያልኩትን ቃል ይዛ ነው የጀመረችው። እናቷ ከአፋን ኦሮሞ ሌላ አይሰሙም። ከዓመታት በፊት ከአዲስ አበባ የመጣ የአማርኛ ቴአትር ጅማ ሲታይ እናቷን ይዛቸው ሄደች። እናቷ ለክት ያስቀመጡትን ነጠላ ለብሰው ሁለት ሰዓት ተቀመጡ። ሰው ሲስቅ ይስቃሉ፤ ግን ሁልጊዜ ትንሽ ዘግይተው ነው። ያቺን መዘግየት እስከ ዛሬ አልረሳቻትም። ወደ ቤት ሲመለሱ የቴአትሩን ልብስ አድንቀው ሌላ ነገር አልተናገሩም።

ንግግሯ ስለታም ነበር። ለአንድ ማታ፣ ትኬት ገዝቶ፣ በፈቃዱ አለመስማትን የመረጠ ሰው ስለ ውበቱ ሊጽፍ ይችላል። በገዛ ከተማው፣ በየቢሮው መስኮትና በየአዳራሹ ያለፈቃዱ ሳይሰማ የኖረ ሰው ግን ያንን ውበት አያየውም። እኔ ጀልባ ተሳፍሬ የሄድኩበትን ነገር እናቷ በእግራቸው ርቀት ላይ ያገኙታል። ይህን ሳላስብ ሰውን ሁሉ በባዕድ ቋንቋ እዩ ማለቴን ልክ አይደለም አለችኝ።

እውነቷን ነው። ይህንኑ ጻፍኩላት። ያ ቃል ከላይ እንዳለ የቀረው እንደ 3ኛው እርማት ሁሉ የእሷም መልስ ትርጉም እንዳያጣ ነው። የተወለድኩት አማርኛ በሚነገርበት ቤት ነው፤ አፋን ኦሮሞዬ የገበያና የሰፈር ነው። ጅማ ውስጥ ቴአትር አይቼ ዘግይቼ የሳቅኩበት ቀን የለም። ይህን ያስተዋልኩት እሷ ስትነግረኝ ነው።

16። ከ15 በኋላ ክሩ ለጥቂት ሰዓታት ጸጥ አለ። ከዚያ አጂፕ ሰፈር ያደገ ወንድም አንድ ነገር አስታወሰ። እንዲህ ያሉ ቴአትሮች ሲመጡ እሱ የሚቀመጠው በአባቱና በአያቱ መሃል ነበር። ሥራው መተርጎም ነው። ተዋናዩ ይናገራል፣ እሱ ለአያቱ ሹክ ይላል፣ አያቱ ከኋላ ላለው ሰው ያቀብላሉ። አንዲት ቀልድ በረድፉ መጨረሻ ስትደርስ መድረኩ ላይ ሌላ ትዕይንት ገብቷል። ስለዚህ ከኋላ በኩል የሚስቀው ሕዝብ አሳዛኙ ቦታ ላይ ይስቃል። አያቱ ሲያቀብሉ እየጨማመሩ እንደነበርም ያኔውኑ ያውቅ ነበር። ለ15 የጻፈላት በእህቴ ነው፤ እናቷን ይዛ መሄዷን አመሰገነ። 15 ልብ ሰጠችው።

17። እዚህ ክሩ መንገዱን ሳተ። አንዱ ለሃምቡርግ ቪዛ እንዴት እንደሚገኝ ጠየቀ፤ ሌላ ክር እንዲከፍት ተነገረው። 18 ላይ ቡና ነጋዴ ወንድም ስለ ሃምቡርግ ወደብ አነሳ። ሽፓይሸርሽታት የሚባለው የጡብ መጋዘን ሰፈር፣ በ2015 ዩኔስኮ የመዘገበው፣ ለዘመናት ቡና የሚከማችበት ነበር። የኛ ቡና እዚያ መድረሱን አባቱ ሲያወሩ ይሰማ ነበር። እኔም ሰፈሩን በእግሬ ዞሬዋለሁ። አንዱ በር አጠገብ የተቆላ ቡና ሸተተኝ፤ ጤና አዳሙ ብቻ ነው የቀረው።

19። ወደ ቴአትሩ የመለሰን የቀልድ ጥያቄ ነው። ጃፓን ውስጥ ይህ ሥራ ኦሳካ ወይም ፉኩኦካ ሲሄድ የሲምባ አስቂኝ ጓደኞች ቲሞንና ፑምባ በአካባቢው ዘዬ ነው የሚናገሩት። ታዲያ አማርኛ ቢሆን ቲሞን የየት ሰው ይሁን? የጎጃም ያለ አለ፣ የሐረር ያለ አለ። የጅማ ይሁን የሚለው አሸነፈ፤ እዚህ ሰፈር ውስጥ ሰው አንዱን ዓረፍተ ነገር በአማርኛ ጀምሮ በአፋን ኦሮሞ ይጨርሰዋልና። ለቲሞን አፍ የሚሆነው ይህ ነው።

20 እና 21 ላይ 12ኛዋ እህትና 16ኛው ወንድም «ሻዶውላንድ»ን ወደ አፋን ኦሮሞ ለመመለስ ተነጋገሩ። በሁለት ቀን ሦስት ስንኝ ደረሱ። የትስዋናውን ኮረስ እንዳይነኩት ተስማሙ።

22። 15 ተመለሰች። የ4ን ፈተና ልሞክረው ብላ ነው። ዘፈኑን በእንግሊዝኛው ስልኳ ላይ ከፍታ ለእናቷ አሰማቻቸው። ታሪኩን አልነገረቻቸውም፣ ሥዕል አላሳየቻቸውም። እናቷ ቡና እየቆሉ ነበር፤ መቁያውን እሳቱ ላይ ትተው አዳመጡ። ሲያልቅ ሙሽራ እየወሰዱ ነው አሏት። ልጅቷ ታለቅሳለች፣ ሴቶቹ ይሸኟታል።

23። 4 ወዲያው መለሰ፤ በዚህ ጊዜ ለስለስ ብሎ። ይህ የሱን ነጥብ ያረጋግጣል ባይ ነው። ሙሽራ ወደ ትዳር ነው የምትሄደው፤ ናላን ያስወጣት ረሃብ ነው። ቃሉ ቢኖር እናትየው አይሳሳቱም ነበር። መሸኘቱን፣ ሴቶቹን፣ እንባውን ግን እንዴት አወቁት ብሎ እሱው ራሱ ጠየቀ።

24። 15 ይህን አላብራራችም። እናቷ ዘፈኑን ድገሚው እንዳሏት ብቻ ጻፈች። ሁለተኛው ላይ ቡናውን እየወቀጡ ከኮረሱ ጋር ያንጎራጉሩ ጀመር። 4 የትኛውን ክፍል እንደሆነ ጠየቃት። የትስዋናውን፣ አለችው።